የሩቅ አገር ሟቾች አዛኝ

ጎረቤቱን ሳይቀብር ለማያውቀው ሰው የሚያዝን ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ሄርማታ ገጥሞኛል፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። በየወሩ ይሰበስበንና በወሩ ውስጥ በየአገሩ የሞቱትን ታላላቅ ሰዎች ከሬዲዮ እንደሰማው እየጠራ የሕሊና ጸሎት ያስደርገናል። የቀረ ፀረ አብዮት ነው።

አንድ ጊዜ የጎረቤታችን የአባ ተማም ባለቤት በስብሰባው ዕለት ጠዋት አረፉ። ሊቀመንበሩ አባ ተማምን እንኳ አልማረም። አስጠርቶ አስቀመጣቸውና ስለ አንድ የውጭ አገር ጄኔራል ጀግንነት ማውራቱን ቀጠለ። እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። አባ ተማም ግን ቀስ ብለው ተነሱ።

«ጓድ፣ ይቀመጡ፤ ለጄኔራሉ ገና የሕሊና ጸሎት አላደረግንም» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«ልጄ፣ ጄኔራሉን የሚቀብር ብዙ ሰው አለ። የእኔን ሚስት የሚቀብሩት እዚህ ተቀምጠዋል።»

ይህን ብለው ሲወጡ ሁላችንም ተከተልናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሊቀመንበሩ ከጄኔራሉ ጋር ብቻውን ቀረ።