አሻንጉሊት ሰላም የሚል ሰው

[ላሙ ደሴት። ሙዚየም የሆነው የድሮው የባሕር ዳር ግንብ በር ላይ። ምባራክ ተኳኩሏል፤ ጓደኛው ፉሞ የሐልዋ ጥቅል ታቅፏል።]

ፉሞ፦ እሺ ብለዋል እኮ ነው የምልህ።

ምባራክ፦ ማን ናቸው እሺ ያሉት? ለማን?

ፉሞ፦ ሰውየው። ላንተ።

ምባራክ፦ ወሬን እንደ ጥርስ አንድ አንድ አትንቀለው። ሙሉውን ተናገር።

ፉሞ፦ የምዋናሻ አባት ናቸዋ። «ልጄን የሚፈልገው ሰው ግንቡ ድረስ ይምጣና ልየው፤ ከወደድኩት እድርለታለሁ» ብለው ለእናቴ ነግረዋታል። ትናንት።

ምባራክ፦ ከትናንት ጀምሮ ይዘኸው ዞርክ?

ፉሞ፦ አህያዬ ጠፍታ ነበር። በየተራው ነው።

ምባራክ፦ አህያህ ሚስት ልታሳጣኝ ነበር። በል ዝም ብለህ ተከተለኝ፤ ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚቀረብ የማውቀው እኔ ነኝ። መልካቸውን ታውቃለህ?

ፉሞ፦ ከፓቴ ደሴት የመጡት በቅርቡ ነው። ጢም አላቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።

[ይገባሉ። የጥንት መኳንንትን የሚያሳዩ አሻንጉሊቶች ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጥልፍ ቆብ ደፍተው በተርታ ተቀምጠዋል። ፉሞ ከመጀመሪያው ፊት ጎንበስ ይላል።]

ፉሞ፦ ሺካሞ፣ አባባ።

ምባራክ፦ ምን እየሆንክ ነው?

ፉሞ፦ ታላቄን ሰላም እያልኩ። «መርሐባ» እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነው።

ምባራክ፦ እንጨት እኮ ነው፣ አንተ ሰው።

ፉሞ፦ ቢሆንስ፣ በዕድሜ አይበልጠኝም? የሦስት መቶ ዓመት ሰው እንደሆነ ተጽፏል። [ወደሚቀጥለው] ሺካሞ፣ አባባ።

ምባራክ፦ ተው። አማቼ ድንገት ቢገቡ፣ ከእንጨት ጋር የሚያወራ ጓደኛ አለው ይበሉኝ?

ፉሞ፦ አንተ ቅደም። አንዱን ሰላም ብዬ ሌላውን ባልፈው ይቀየመኛል። [ጥግ ላይ ለተቀመጠው] ሺካሞ፣ አባባ።

ምባራክ፦ ይሄኛውማ ከሁሉም የባሰ ነው። አፍንጫውን ተመልከት፤ ጠራቢው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነው። ሆዱ ውስጥም ገለባ አብዝተውበታል።

ፉሞ፦ ዓይኑ ግን...

ምባራክ፦ መስታወት ነው። ጢሙ ደግሞ የፍየል ነው፤ ና ላሳይህ። [ይጎትታል] ሙጫው ጥሩ ነው፣ አይካድም። [እንደገና፣ በኃይል ይጎትታል]

አሻንጉሊቱ፦ መርሐባ፣ ልጄ።

[ምባራክ እጁ ጢሙ ላይ እንዳለ ክው ይላል።]

ፉሞ፦ አየህ? ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ሽማግሌው፦ ላንተ አይደለም፣ ባለ እጁ። ለዚህ ልጅ ነው። የዚህ አዳራሽ ዘበኛ ከሆንኩ ወዲህ አላፊ አግዳሚው ሆዴን ይለካል እንጂ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እንዲያው ሙቀቱ ሸለብ አድርጎኝ መልሱ ዘገየብህ፣ ልጄ። [ከዘራውን ያነሳል] አሁን ጢሜን ልቀቅና ንገረኝ። ምዋናሻን እፈልጋለሁ ያለው ከሁለታችሁ የትኛው ነው?

ምባራክ፦ [ዘሎ ፉሞ ጀርባ እየተደበቀ] እሱ ነው።

ሽማግሌው፦ እሰይ። ወድጄዋለሁ። እሷም እሺ ካለች ሰጥቼዋለሁ።

ምባራክ፦ አባባ፣ ይቆዩ... ከዘራውን ካስቀመጡልኝ የማስተካክለው ነገር አለ።

ፉሞ፦ [ሐልዋውን ሽማግሌው እቅፍ ውስጥ አስቀምጦ እየሮጠ] በኋላ ታስተካክላለህ፣ ወንድሜ። ሙሽራዋ ገና አልሰማችም።