ጥቁሩ ዳይመንድ

[የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መዝገብ ክፍል። የመዝገቡ ኃላፊ እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሶፍትዌር ንድፍ የተሣለበት ወረቀት ላይ አፍጥጠዋል፤ ሳጥኖቹን የሚያያይዙት መስመሮች ጫፋቸው ላይ ዳይመንድ የሚባል ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አላቸው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ። ንድፉን የሠራው ኢንጂነር አጠገባቸው ቆሞ ይቁነጠነጣል።]

እትዬ፦ ቀለም ፈሶበታል ነው የምልህ።

ኢንጂነር፦ አልፈሰሰም እትዬ። ሆን ብዬ ነው ያጠቆርኩት።

እትዬ፦ ታዲያ ይኼኛው ዳይመንድ ለምን ነጭ ሆነ? እስክሪብቶ አለቀብህ?

ኢንጂነር፦ እርስዎ ብቻ ይፈርሙልኝ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ካላጸደቁት የምጠብቀው ሹመት ለሌላ ሰው ነው።

እትዬ፦ ሳይገባኝማ አልፈርምም።

ኢንጂነር፦ እሺ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ልንገርዎት። ነጩ ማለት ዋናው ቢጠፋም አባሉ ይተርፋል። ቡድን ቢፈርስ ተጫዋቹ አይሞትም አይደል? ጥቁሩ ደግሞ ዋናው ሲሄድ አባሉም አብሮ ይሄዳል። ቤት ሲፈርስ ሳሎኑ ብቻውን አይቆምም።

እትዬ፦ እሱስ ገባኝ። ግን በክፍልና በሠራተኛ መሀል ያደረግኸው ጥቁሩን ነው። ሠራተኛ እንደ ሳሎን ነው እንዴ?

ኢንጂነር፦ ክፍሉ ከተዘጋ ሠራተኛው ምን ይሠራል? ከመዝገብ ይጠፋል፣ አለቀ።

እትዬ፦ እኔ ስንት ክፍል ሲዘጋብኝ አይቻለሁ፤ ይኸው አለሁ። ነጭ ብታደርገውስ፣ ልጄ?

ኢንጂነር፦ እትዬ፣ እኔ ይኼን ስማር እርስዎ ፋይል በክር ሲያስሩ ነበር።

እትዬ፦ ይሁን፣ ሙያ በልብ ነው።

ኢንጂነር፦ ፕሮግራሙም በዚሁ ንድፍ ተሠርቶ እዚሁ ኮምፒውተርዎ ላይ ተጭኗል። ካላመኑኝ አንዱን ክፍል ዘግተው ይሞክሩት።

እትዬ፦ ከተሳሳትኩ መመለሻ አለው?

ኢንጂነር፦ መመለሻ ለሚሳሳት ሰው ነው። አልሠራሁለትም።

እትዬ፦ የሚዘጋ አንድ ክፍል አለ። ጠዋት ደብዳቤው መጥቷል፣ ከሌላ ክፍል ጋር ይቀላቀል የሚል። ላንብብልህ?

ኢንጂነር፦ ደብዳቤ የማዳምጥበት ጊዜ የለኝም። ይጫኑት።

[ይጫናሉ።]

እትዬ፦ እውነትህን ነው። አሥራ አንድ ሰው እልም አለ።

ኢንጂነር፦ አላልኩዎትም? በሉ ይፈርሙ።

[ይፈርማሉ። ወረቀቱን መንጭቆ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በሚያስገባው በር ላይ የመግቢያ ካርዱን ያስጠጋል። ቀይ መብራት። ካርዱን በሱሪው ጠርጎ ደግሞ ያስጠጋል። ቀይ።]

ኢንጂነር፦ እትዬ፣ ይኼ በር ምን ነካው?

እትዬ፦ በሩማ ደህና ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው አያስገባም።

ኢንጂነር፦ ደብዳቤው የትኛውን ክፍል ነበር የሚለው?

እትዬ፦ የንድፍ ክፍልን፤ ያንተኑ።

ኢንጂነር፦ [ድምፁ ቀጥኖ] እትዬ፣ በሞቴ፣ ይመልሱኝ።

እትዬ፦ እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ይኼን የሚያውቅ አንድ ኢንጂነር ነበረን፤ እሱም ሥራ ላይ የለም።