የአቡ ገዝዋን ሜዳሊያና የሐጂ ዳኺል ቡና

ጦርነት አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ በየሰፈሩ አንድ ወንድ አልሰማሁም ብሎ እዚያው ይቀራል። ባስራ ውስጥ የፈለጋችሁት መንደር ብትገቡ አታጡትም። ሻይ ቤት ውስጥ ወንበሩ የታወቀ ነው፤ ሰው ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። የኛ ሰፈር ሰውም ይቀይራል። እኔ ግን ወዴት ልቀይር? ባሌ ነው።

ክቡርነታቸው አቡ ገዝዋን በዚያ ረጅም ጦርነት ጊዜ በሻት አል-ዓረብ ወንዝ ላይ የጥበቃ ጀልባ አዛዥ ነበሩ። ጀልባ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ወጥ ቤታችን ውስጥ ብትገባ ለምድጃው ቦታ ይተርፋል። እሳቸው ሲያወሩላት ግን አንድ ከተማ ታክላለች። ሜዳሊያዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ የጀግንነት ነው፣ አንዱ የወንዝ ጥበቃ። ሦስተኛው የምን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። እኔ የትዕግሥት ነው እላለሁ፤ የኔ ሜዳሊያ ነው፣ በስህተት እሱ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ።

ሳያደርጋቸው ከቤት አይወጣም። ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ዕለት እንኳ ሦስቱንም ደርድሮ ነው። ሐኪሙ "አባቴ፣ አፍዎን ይክፈቱ" አለው። ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ጭንቀቱ ማዘጋቱ ሆነ።

ቤት ውስጥ የምንተዳደረው "ሞተሩን አጥፉ!" በሚለው ትእዛዙ ነው። የልብስ ማጠቢያው ሲጮኽ፣ ልጆች ሲጣሉ፣ እኔና እህቴ ወሬ ስናደምቅ "ሞተሩን አጥፉ!" ይላል። አንድ በጋ መብራት ጠፍቶ የመንገዱ ጀነሬተር ሲያጓራ፣ በውስጥ ሱሪው ወጥቶ ባለ ጀነሬተሩ ላይ ጮኸበት።

"ሞተሩን አጥፋ! ጠላት የሚያገኘን በድምፅ ነው!"

"አቡ ገዝዋን፣ ባጠፋው ከጠላት በፊት ሙቀቱ ያገኘናል" አለው ሰውየው። ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ጋቢ በመሰለ አንሶላ ጠቅልዬ አስገባሁት።

መንግሥት የወደቀ ሰሞን ብዙ ሰው ሜዳሊያውን ወንዝ ውስጥ ጣለ። "አንተም ጣል፣ ልታስፈጀን ነው እንዴ?" አልኩት።

"እኔ የጠበቅሁት ወንዙን ነው። ወንዙ ደግሞ የትም አልሄደም" አለኝ።

ሜዳሊያዎቹን የሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ቀበርኳቸው። ያን ዓመት የጀግንነቱ ሜዳሊያ ስንት ጊዜ ከሩዙ ጋር ድስት ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ታሪኩንማ ተኝቼም አውቀዋለሁ። ንጋት ላይ ነው፤ ወንዙን ጉም ሸፍኖታል። ከሸምበቆው ውስጥ የሰው ሳል ይሰማል። "ሞተሩን አጥፉ አልኩ!" ይላል። ጀልባዋ በውሃው ተንሳፍፋ ትገባለች፤ እዚያ ወገን የረሳቸው ቁስለኞች ተኝተዋል። ጭነዋቸው፣ በቀዘፋ እየገፉ፣ በጠላት አፍንጫ ሥር አልፈው ያወጧቸዋል። መጀመሪያ ሲያወራልኝ ቁስለኞቹ ጥቂት ነበሩ። እያደር በዙ፤ ዛሬ አንድ ሆስፒታል ይሞላሉ። እኔም ሰለቸኝ እያልኩ፣ ከመሀል ሲዘል "ጉሙን ረሳኸው እኮ" ብዬ የምመልሰው እኔው ነኝ።

እንግዲህ የመጨረሻ ልጃችን ሙንተዘር ሩቃያን ወደደ። ሩቃያ የቴምር ነጋዴው የሐጂ ዳኺል ልጅ ናት። ሐጂ ደግሞ ቃል የሚቆጥብ፣ ወሬ የሚጠላ ሰው ነው።

"እማዬ፣ አባባ አፉን ከከፈተ ሩቃያን አጣኋት በቃ" አለኝ ልጁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ከኔ በፊት የጠየቃትን ሰው የመለሱት፣ 'አባቱ ለፍላፊ ነው' ብለው ነው።"

በቤታችን የጦር ስልት የሚያውቅ ባሌ ብቻ የመሰለው ተሳስቷል። ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ሜዳሊያዎቹን ከኮቱ ላይ ነቀልኳቸው።

"'አሰላሙ ዓለይኩም' ትላለህ፣ ትቀመጣለህ፣ አለቀ" አልኩት።

"ሜዳሊያውስ?"

"ቤት ይጠብቃል።"

"ራቁቴን ልትወስጅኝ ነው?"

"ሱፍ ለብሰህ የለ እንዴ!"

"ሱፍማ ማንም ይለብሳል" ብሎ አኮረፈ። ግን ለልጁ ሲል እሺ አለ።

ሐጂ ዳኺል ቤት ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። መራራው ቡና በፍንጃል ዞረ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ የቀረበለትን ቡና ፊቱ ያኖረዋል እንጂ አይቀምሰውም። የልጅቱ አባት "ጠጡ" ካለ ሰጠ ማለት ነው። ሳይባል የጠጣ ሰው ግን ጉዳይ የለኝም፣ ለጨዋታ ነው የመጣሁት እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ሽማግሌያችን ሰይድ ሙሕሲን ፍንጃላቸውን አኑረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅቱን በወግ ጠየቁ። ሐጂ ዳኺል መቁጠሪያውን እያንከባለለ ዝም አለ። አቡ ገዝዋንም ዝም! በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁትና በራሴ ኮራሁ። ከኔ የተሻለ ጄኔራል ከየት ይመጣል?

ከዚያ ቀኝ እጁን አየሁ። ቤት ሲቀመጥ ያ እጅ ደረቱ ላይ ነው፤ ሜዳሊያዎቹን ሲነካካ ነው የሚውለው። እጁ ወደ ደረቱ ወጣ፤ ባዶ ሆነበት። ወደ ጉልበቱ ወረደ። እንደገና ወጣ፤ አሁንም የለም። ግራ የገባው እጅ ፍንጃሉን አነሳና ወደ አፉ ወሰደው። ጭልጥ! ይባስ ብሎ እንደ ደንቡ ፍንጃሉን ነቀነቀ፣ "በቃኝ" ለማለት።

ሰይድ ሙሕሲን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙንተዘር አመድ መሰለ። ሐጂ ዳኺል መቁጠሪያውን አቁሞ፣ "እንግዲህ ጉዳይ የላችሁም ማለት ነው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ።

"ሐጂ! የኔ ጥፋት ነው!"

ይህን ያለው የኔ ድምፅ ነው። በወንዶች ሸንጎ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እንደ ጡሩምባ!

"እጁ ሜዳሊያ መነካካት የለመደ ነው። ወሬ እንዳያበዛብዎ ብዬ ቤት አስቀረሁበት። ሥራ የፈታ እጅ ነው፣ ያገኘውን አነሳ!"

ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። የሩቃያ አያት ጭናቸውን እየመቱ፣ "ውይ ልጄ፣ የኔም ሰውዬ እንዲሁ ነበር" አሉ።

"እውነት ነው፣ አቡ ገዝዋን?" አለ ሐጂ።

"ወላሂ፣ ሐጂ፣ ቡና ይሁን ውሃ አላወቅሁትም።"

"እስካሁን ዝም ያሉትም ባለቤትዎ አትናገር ስላሉዎት ነው?"

"ልጁ ልጅቷን ይወዳታላ" አለ ባሌ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ። እንዲህ ያለ አጭር ነገር ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐጂ ፂሙን ዳሰሰ። ለቡና ቀጂው ሌላ እንዲቀዳ ምልክት ሰጠ። ከዚያ ባስራ ውስጥ ማንም በገዛ ፈቃዱ ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦

"ለመሆኑ ሜዳሊያው በምን የተገኘ ነው?"

ባሌ ወደ መጋረጃው ዞረ። ባልና ሚስት ከሆንን ጀምሮ ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። ያኔ ጠየቀኝ፣ በዓይኑ።

"ከጉሙ ጀምር" አልኩት።

ጀመረ። ጉሙ ብቻ ሌላ ሰው ልጅ ድሮ የሚጨርስበትን ጊዜ ወሰደ። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ሰይድ ሙሕሲን አንገታቸው ወደቀ፣ የመግሪብ አዛን ሊል ሆነ። ልክ ቁስለኞቹ ተጭነው ሲያልቁ ሐጂ ዳኺል ሁለት እጁን አንስቶ ቆመ።

"ጠጡ! በአላህ ጠጡ! ሩቃያ የእናንተ ናት!"

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አቡ ገዝዋን እስከ ዛሬ የሐጂን ልብ ያቀለጠው ታሪኩ ነው ይላል። ሰፈሩ ደግሞ ሰውየው ልጁን የሰጠው ሶላት እንዳያመልጠው ነው ይላል። እኔ ማንንም አልደግፍም። እልል እያልኩ አንጀቴ ግን አሮ ነበር። ዋናው ላይ ሳይደርስ ነዋ ያስቆመው!

ከጫኗቸው በኋላ ቁስለኞቹ ያቃስታሉ፤ ጠላት ሊሰማ ነው። ያኔ ባሌ ያጎነብስና፣ እኔ የበኩር ልጃችንን ገዝዋንን ሳስተኛ የማንጎራጉረውን ዜማ በየጆሯቸው በሹክሹክታ ያዜምላቸዋል። አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ያልፋሉ። በዚያ ሁሉ ጦርነት ውስጥ እኔ ያለሁበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

መኪና ውስጥ ሙንተዘር በደስታ መሪውን እየደበደበ ይነዳል። አባቱ ከፊት ተቀምጦ፣ "ሐጂ ዳኺል ጨዋታ የሚያዳምጥ ሰው ነው" አለ።

"ምኑን አዳመጠ! መች አስጨረሰህ?" አልኩት ከኋላ።

"ምኑ ቀረ?"

"ከጫናችኋቸው በኋላ ያለው ነዋ።"

ዞሮ አየኝ። ሰፈራችን ልንገባ አንድ መታጠፊያ ቀርቶናል።

"ሙንተዘር፣ ልጄ" አልኩት፣ "በወንዙ ዳር ዞረህ ውሰደን።"