እመለሳለሁ ያለችው ልጅ

አዳማ ውስጥ ልጅ ቢዝነስ ተምሮ ሊመረቅ ሲቃረብ ቤተሰቡ ጂኦግራፊ መማር ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ዓለም በአንድ በኩል አዲስ አበባ፣ በሌላ በኩል ሐዋሳ ላይ የምታበቃ ይመስለው የነበረ አባት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ፖላንድ ብርድ፣ ስለ ቱርክ ነፃ ትምህርት፣ ስለ ሕንድ ምግብ ማቃጠልና ስለ ካናዳ የወረቀት ብዛት ሲተነትን ትሰሙታላችሁ። እናት ማስተርሱ በአካውንቲንግ ይሁን በማርኬቲንግ ግድ የላትም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እዚያ አበሻ አለ?» አለ ከተባለች ደስ ይላታል። ብዙ አለ ከተባለች ግን «ተዉት፣ ወሬኛ አይጠፋም» ትላለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ የምንመርጠው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ዘመድ ነው። አክስት ያለችበት ከተማ ትምህርቱ ሁልጊዜ የታወቀ ነው።

እኔ በሰፈሬ የዚህ ጉዳይ አማካሪ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና አውሮፓ ልኮኝ ስለነበረ ነው። ታዲያ መሄዴ ያስከበረኝን ያህል መመለሴ አስንቆኛል። እንዴት እንደሚኬድ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ኑሮ አስተያየት ልስጥ ስል ግን «እሱ ምን ያውቃል፣ የተመለሰ ሰው» ይሉኛል። ለምን እንደተመለስኩ እስከ ዛሬ የሚያጠኑ ጎረቤቶች አሉኝ።

ጎረቤቴ አቶ ቶሎሳ የአርሲ ነገሌ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ስንዴ እየጫኑ አዳማ የሚሸጡ እህል ነጋዴ። ልጃቸው ሲፈን በማርኬቲንግ በጥሩ ውጤት ተመርቃ፣ ውጭ አገር ለማስተርስ ተቀባይነት አገኘች። የአገሩን ስም አልናገርም፤ ነገ እኔም ልጄን ልልክበት እችላለሁ። የቀራት የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። የዚያ ሁሉ ጭንቅ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ተምረሽ ስትጨርሺ ትመለሻለሽ ወይ? መልሷን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ አባባሉ ላይ ነው። አንድ ቅንድብ ካለቦታው ከተነሳ ቪዛው ይቀራል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የአቶ ቶሎሳ ሳሎን ኤምባሲ ሆነ። ቆንስል ሆነው የተሾሙት የሲፈን እናት የወይዘሮ አስናቀች ታላቅ ወንድም ጋሽ ከበደ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴነር ዕቃ ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ጤና ይስጥልኝ ብትሏቸው እንኳ ከሰላምታው ጀርባ ምን እንደጫናችሁ ያያሉ። እኔ አሠልጣኝ ነበርኩ።

«ስምሽ?» አሉ፣ ከተወለደች ጀምሮ የሚያውቋትን ልጅ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩ።

ነገረቻቸው። አላመኗትም።

«ተምረሽ ስትጨርሺስ?»

«እመለሳለሁ።»

«የሚመለስ ሰው እንዲህ አይቸኩልም። ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። እኔም ከጎን ሆኜ የቆንስሉን ዓይን እዪ፣ እጅሽን አታፍተልትዪ፣ የሚጠብቅሽ ሥራ አለ በዪ እያልኩ አደነቆርኳት። በአራተኛው ላይ ሲፈን የጻፍኩላትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በራሷ ቃል ተናገረች።

«እመለሳለሁ፣ ጋሼ። አባዬ እህል ሲገዛ ዘግኖ፣ ነክሶ ነው ጥራቱን የሚለየው፤ በዚህ የሚበልጠው የለም። ከዚያ በኋላ ግን ያ ስንዴ ስም የሌለው ጆንያ ሆኖ ይሄዳል። ዱቄት ሆኖ ሱቅ ሲቀመጥ ያመረተው ገበሬ እንኳ አያውቀውም። እኔ በስሙ እንዲሸጥ ነው የምፈልገው። እንዴት እንደሚሠራ ተምሬ መጥቼ የአባዬን ሥራ እይዛለሁ።»

ላጨበጭብ እጄን አንስቼ ነበር። ዙሪያዬን ሳይ መለስኩት።

«ይቺ ልጅ የምሯን ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አስናቀች።

«የምሬን ነው፣ እማዬ።»

«አይ እንግዲህ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚያምናት ታጣለች ብለን ስንሰጋ፣ አሁን ስላመንናት ደነገጥን። ጋሽ ከበደ ፋይሏን ዘግተው «ውድቅ» አሉ፤ ለኤምባሲው ይሁን ለቤተሰቡ ግልጽ አልነበረም። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ ያስተማርካት» አሉኝ። እኔ በመመለስ ወንጀል ቀደም ሲል የተፈረደብኝ ሰው ነኝ።

አቶ ቶሎሳ «እኔ ከጆንያ ላወጣሽ ነበር የለፋሁት» አሉ። ቁጣ ይመስላል፤ ቁጣ ግን አልነበረም። የሰውዬው ጀርባ በሸክም የጎበጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ አሳዘኑኝ፣ ልጅቱም አሳዘነችኝ።

ሲፈንን በረንዳ ላይ አግኝቼ፣ ፈሪ እንደሚመክረው መከርኳት። ለቆንስሉ እመለሳለሁ በዪ፣ ለቤተሰብ ደግሞ እስቲ አያለሁ በዪ አልኳት።

«ለማላውቀው ሰው እውነት ተናግሬ ለእናቴና ለአባቴ ልዋሽ?» አለችኝ።

እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ንግድ ውስጥ ያዋጣዋል ወይ ብዬ ተጨነቅኩ።

የቃለ መጠይቁ ቀን አቶ ቶሎሳ አብረዋት አዲስ አበባ ሄዱ። እሳቸው ከበሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ፤ እሷ ገባች፣ ወጣች፣ ቪዛው ተፈቀደ። እናት በስልክ እልል አሉ። የመልሱን መንገድ ወሬ የነገሩኝ አባት ራሳቸው ናቸው።

«ምን ብለሽ አሳመንሽው?» አሏት ሞጆ ላይ።

«የዚያን ቀን ለእናንተ ያልኩትን።»

«ስለ ስንዴው?»

«ስለ ስንዴው። ስለ አንተም ነገርኩት።»

«እና አመነሽ?»

«አመነኝ።»

«አየህ» አሉኝ አቶ ቶሎሳ፣ «የማያውቃት ሰው በአምስት ደቂቃ ያመናትን ልጅ፣ እኔ አባቷ ማመን አቃተኝ። አሁን ሳምናት ደግሞ ባላምናት ይሻለኝ ነበር።»

የሽኝቱ ቀን ቤቱ ሞላ። ወይዘሮ አስናቀች ለሁለት ዓመት ትምህርት የሃያ ዓመት በርበሬ ቋጥረዋል። እንግዳው ሁሉ ልጅቱን እየሳመ በጆሮዋ አንድ ነገር ያንሾካሹካል። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። አንዱ «ወረቀትሽን ሳትይዢ እንዳትንቀሳቀሺ» ይላል፤ ሌላዋ «እዚያው በርቺ፣ ወደዚህ አትዪ» ትላለች። ጋሽ ከበደ ሻንጣዋን እንደ ልማዳቸው ከፍተው ፈትሸው ዘጉ።

መኪና ደጅ ሲቆም አቶ ቶሎሳ ሊመርቁ ተነሱ፤ እኛም የተቆረሰልንን ዳቦ እንደያዝን አብረን ተነሳን። ምርቃቱ የታወቀ ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ። እጃቸውን ዘርግተው «ናጋን ዴሚ» አሉ፣ በሰላም ሂጂ። ተከታዩን ኦሮምኛ የማይሰማ የአዳማ ሰው እንኳ ያውቀዋል። አቶ ቶሎሳ ግን እዚያ ላይ ቆሙ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ሚስታቸው ወለሉን ያያሉ። ግማሽ ምርቃት ደግሞ የለም፤ ማንም አባት ለልጁ ሂጂ ብቻ ብሎ አያውቅም።

እንደምንም ቀጠሉ። «ናጋን ገሊ» አሉ ቀስ ብለው። በሰላም ወደ ቤትሽ ግቢ።

አሜን ያለችው ሲፈን ብቻ ነበረች። እኛ ሌሎቻችን፣ እኔም ጭምር፣ ዳቦ እያኘክን ነበር።