በሁዳዴ የወፈረው ሰው

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ «በረደኝ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔ አለሁ።

ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ፊደልም አልቆጠርኩም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እዚያ ብትጮህም የሚሰማህ የለም። ዝም ማለት ለመድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። ዛሬ የማወራችሁ ታዝዤ ነው። ማን እንዳዘዘኝ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ካቻምና ሐምሌ ላይ ነው የጀመረው። ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ መጥቷል። ሰፈራችን ካርቲየ 4 ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ጥላ ለጥላ ይሽሎከለካል። እኔ ቤት ውስጥ ጋቢ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ አስካለ ቬንትሌተሩን ታበራለች፣ እኔ አጠፋለሁ። ታበራለች፣ አጠፋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ልትቀቅለኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። በረደኝ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ እግሬን ነካችው። ሳቋን አቆመች።

ሌላም ነገር ነበር። የምበላው ያው ነው፤ ሱሪዬ ግን እምቢ አለኝ። ፊቴ አበጠ። ድምፄ ጎረነነ። ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። አስካለ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ሶማሌ ናት፤ ወጣት፣ ሰው አክባሪ። «አዴር» ነው የምትለኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ሶማልኛ እኔም አስካለም እንችላለን። ጥያቄዋን ግን ለአስካለ አዞረችው፤ ከኔ መልስ እንደማይገኝ ቶሎ ነው የገባት። እንቅስቃሴያቸው ቀንሷል ወይ አለች። አስካለ አሰበችና «ድሮም ቀርፋፋ ነው» አለች። እንቅልፍ ያበዛሉ? «ባቡሩ ከቆመ ጀምሮ እንደተኛ ነው።» ወሬስ ቀንሰዋል? ይኼኔ አስካለ ተናደደች። «ከምኑ ላይ ይቀንሳል፣ ልጄ?»

ሐኪሟ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አያችሁ፣ በሽታው እንዲህ ያለ ነው። ሰውን ያዘገየዋል፣ ያበርደዋል፣ ያስተኛዋል፣ ዝም ያሰኘዋል። ለፍላፊ ሰው ቢይዝ ኖሮ በሳምንቱ ይነቃበት ነበር። እኔን ሲይዘኝ በምን ይለዩኝ?

ደሜን ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ፣ አንገቴ ላይ፣ ከማንቁርቴ ሥር፣ አንዲት እጢ አለች አሉ። ታይሮይድ ይሏታል። የሰውነትን እሳት የምታነደው እሷ ናት። የኔዋ ሥራ አቁማለች። እኔስ ጡረታ ወጥቼ የለ? እሷም ወጣች። ሐኪሟ ግን አልቀለደችም። ይህ ነገር ካልታከመ ልብዎ እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና አንድ ቀን ይቆማል አለችኝ። ይኼን ለባቡር ሰው መንገር አያስፈልግም። የሚቆም ነገር እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። መጀመሪያ ይዘገያል።

መድኃኒቱ ሚጢጢ ነጭ ክኒን ናት። በየቀኑ፣ እስከ ዕለተ ሞት። ሐኪሟ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ፤ ጠዋት እንደተነሱ፣ በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ። ከዚያ ቆየት እስኪሉ ምንም አይቅመሱ። ሻይ የለም፣ ወተት የለም፣ ዳቦ የለም። ከምግብ ጋር ከዋጧት ምግቡ ይዟት ይሄዳል፤ እንዳልዋጧት ይቁጠሩት። እሺ አልኩ። እየዋጥኩ ከረምኩ። ሱሪዬም እሺ አለኝ። አንድ ቀን ቬንትሌተሩን ራሴ አበራሁት። አስካለ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ጾመኛ ከሆናችሁ ችግሩ ገብቷችኋል። እኔ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። እህል ብቻ አይደለም፣ ውሃም አፌ አይገባም። ክኒኗ ደግሞ ጠዋት በውሃ ናት። ምን ይሻላል? ለአስካለ ልንገራት? ትጮህብኛለች። ለሐኪሟ? እሷ ሙስሊም ናት፣ የኛን ጾም ምኑን ታውቀዋለች አልኩ። ለንስሐ አባቴ? ለእሳቸው ደግሞ ብዙ ማውራት ይጠይቃል።

ለብቻዬ ፈረድኩ። ክኒኗን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኳት።

በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ገበታ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው? የራበው ሰው ነው። አስካለ ገበያው ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ እዚያ ነው የምትውለው። ምግቤን ከድና ትሄዳለች። ሽሮዬን እከፍታለሁ፣ በመጀመሪያው ጉርሻ ክኒኗን አብሬ እውጣለሁ፣ በላይዋ ላይ ሻይ እቸልስባታለሁ። እግዚአብሔርንም ሐኪሟንም እኩል ያስደሰትኩ መሰለኝ። ብልህነቴ እኔኑ ገረመኝ።

ጾሙ ሲጋመስ ሱሪዬ እንደገና እምቢ አለ።

እስቲ አስቡት። በሁዳዴ! ሰው ሁሉ አንገቱ ቀጥኖ፣ ጉንጩ ሰርጉዶ፣ እኔ ለፋሲካ እንደሚቀለብ ሙክት ሞላሁ።

ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ አሉ። ባላቸው የኔ ዘመን የባቡር ሰው ነበር። የሰው ወገብ በዓይናቸው ይለካሉ። አንድ ዓርብ ከቅዳሴ ስንወጣ አስካለን ጠጋ አሉና፣ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ አድርገው «አስኩዬ፣ የጋሽ ደምሴ ጾም እንዴት ያለ ነው? እስቲ ለእኛም አሳዪንና እንጹመው!» አሏት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አስካለም ሳቀች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ቤት እስኪገባ ድረስ ብቻ የሚቆይ ሳቅ ነው።

ቤት ስንገባ ምንም አላለችም። የኔን ዝምታ ሰው ለምዶታል፤ የአስካለ ዝምታ ግን ያስፈራል። የሽሮውን ድስት ከፍታ አየች። ከደነችው። ጋቢዬን ልታጥበው አነሳችው። አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው።

«ደምሴ።»

«አቤት።»

«ይኼ ጋቢ ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ለምንድን ነው?»

እውነቷን ነው፤ ይሸታል። ልነግራት አስቤ ነበር። ግን ከየት ልጀምር? እኔ ከየት እንደምጀምር እስካስብ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ተነስታ ሄደች።

በማግስቱ ደግሞ ሰናይት ሱቅ መጣች። ሰናይት፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ዕረፍቷን አስካለ ዘንድ የምታሳልፍ ልጅ ናት። ቅን ናት፤ ክፋት የለባትም። «እትዬ አስካለ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ጋሼን የየመኖቹ ዓሣ ቤት ሲገቡ አየኋቸው» አለቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ በጓሮ በኩል ነው የገቡት።»

በጓሮ በኩል! በፊት ለፊት ብገባ ምናለበት?

የየመኖች ዓሣ ቤት ማለት፣ ዓሣውን በቁመቱ ሰንጥቀው፣ በርበሬ ለቅልቀው፣ ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ጥልቅ ምድጃ የሚጠብሱበት ነው። ሽታው መንገደኛውን ክንዱን ይዞ ያስገባዋል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አላነሳም። በእኛ ቤት አይበላም።

አስካለ ሰኞ ሱቋን ዘግታ ተከተለችኝ። ይኼን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው። እኔን መከተል ከባድ አይደለም አለች፤ ከባዱ እኔን አለመቅደም ነው። አንድ ጥላ ላይ ስቆም ትቆማለች። ጫት ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ጫቱን የሚያመጣውን መኪና ይጠብቃሉ፤ እነሱ መሀል ተደብቃ ዋጋ የምትጠይቅ ትመስላለች። እንደገና እሄዳለሁ። እግሬን ስጎትት ታያለች። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማዬን ረግጬው እንደምሄድ ያን ቀን ነው ያስተዋለችው። ጥጋብ ነው ብላ አለፈችው። መንገዱን ሁሉ ስድብ ስታዘጋጅ ነበር። «በሽበትህ አታፍርም» የሚለውን በመጀመሪያ፣ «ሰው መሳቂያ አደረግከኝ» የሚለውን በመሀል፣ «ሆዳም» የሚለውን ለመጨረሻ አስቀምጣዋለች።

በጓሮ ገባሁ። ትንሽ ጠብቃ ገባች። የዓሣ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ሳሌም፣ ላቡን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ ከፊቷ ቆመ። «ተይው እባክሽ፣ ተኝቷል» አላት። ገፍታው አለፈች።

ምን አየች? የምድጃውን ጀርባ። እሳቱ ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጀርባዬን ትኩሱ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ተቀምጫለሁ። እጄ ባዶ ነው። ሰሃን የለም። የዓሣ አጥንት የለም። ከንፈሬ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

በርዶኝ ነበር የምሄደው። ሌላ ምን አለኝ? በዚህች ከተማ ውስጥ የሚያሞቀኝ ግድግዳ ያ ብቻ ነበር። ሳሌምን ጀርባዬን ልሙቅ ስለው መጀመሪያ ያበድኩ መስሎት ነበር። ከዚያ ከረጢት አነጠፈልኝ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እሱም እንደኔው ወሬ አያበዛም።

አስካለ ስድቧን ጀመረች። «በሽበትህ አታፍርም!» አልሰማሁም። «ደምሴ!» አልሰማሁም። ትከሻዬን ይዛ ወዘወዘችኝ። ጭንቅላቴ ወደ ጎን ወደቀ። እጄን ያዘችው። ከዚያ እሳት አጠገብ፣ ከዚያ ሁሉ ሙቀት መሀል፣ እጄ አሁን ከባሕር እንደወጣ ዓሣ ቀዝቃዛ ነበር አለች። «ሆዳም» የሚለው አፏ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬም አልወጣም።

ሳሌም ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጠፈ። አስካለ ፊቱን ታያለች። ፊቱ ምንም አይናገርም። ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች። «ይመታል» አለ በመጨረሻ። «ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ እህቴ። በጣም።»

ሐኪም ቤት ያደረሰኝ በዓሣ መጫኛው መኪና ነው፤ ከኋላ፣ በበረዶ ሳጥኖቹ መሀል። አስቡት እስቲ፣ በብርድ የሚሞት ሰው በበረዶ ታጅቦ! አስካለ ነጠላዋን፣ የሳሌምን ሽርጥ፣ ያገኘችውን ጆንያ ሁሉ እየደረበችብኝ «ተናገር፣ ደምሴ፣ አንድ ነገር ተናገር» ትለኛለች። ትዳር ከያዝን ጀምሮ ስትለምነኝ የኖረችው ይኼንኑ ነው።

ድምጿ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ልመልስላት ፈለግሁ። ምላሴ ከበደኝ። ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር አንዴ ይመታና ይጠብቃል፤ አንዴ ይመታና ይጠብቃል። ጣቢያ ሊገባ ሲል ያለ ባቡር ነው። ይኼ ነገር እየቆመ ነው አልኩ በልቤ። ሳልነግራት ሊቆም ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዬ አስፈራኝ።

አልቆመም። ሐኪም ቤት በብርድ ልብስ ጠቀለሉኝ፣ መድኃኒቱን በመርፌ ሰጡኝ። ልቤ እያመነታ ተመለሰ። ነፍስ ስዘራ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አዴር፣ ክኒኑን እንዴት ነበር የሚውጡት አለችኝ። ነገርኳት፤ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ሽሮውን፣ ሻዩን። ዓይኗን ጨፈነች። «በረመዳን የዚህ ከተማ ሽማግሌ ሁሉ እየመጣ ክኒኔን መቼ ልዋጥ ይለኛል። እርስዎ ምን አለ ቢጠይቁኝ?» አለች። ጾም የማታውቅ መስላኝ ነበር እኮ።

አስካለ አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች። ከዚያ የንስሐ አባታችንን ጠራች።

አባ መጥተው ጉዳዩን ሰሙ። መድኃኒት ያስገድፋል ያለህ ማነው አሉኝ። ውሃውስ አልኳቸው። ውሃውን ጠጣው፤ የታመመ ሰው ላይ ጾም አልተጫነም አሉ። ይኼን ማን ነገረኝ አልኩ። «ማንን ጠየቅህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ይኸው!» አሉ ወደ አስካለ ዞረው። «ሊናዘዝ ሲመጣ እንኳ ‹እንዳለፈው ነው፣ አባ› ብሎኝ ነው የሚሄደው!»

ንስሐ ሰጡኝ። ስግደት መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። የሚሰማህን ሁሉ በየቀኑ ጮክ ብለህ ለአስካለ ትናገራለህ አሉ። በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ከበደኝ፣ ፈራሁ፤ አንድም ሳታስቀር። ሌላውም እንደ አንተ እንዳይሳሳት ለሚሰማህ ሰው ሁሉ ታወራዋለህ። ያዘዙኝ እንግዲህ እሳቸው ናቸው። ከባድ ንስሐ ነው። ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮም ሁዳዴ መጣ። ጠዋት ጠዋት አስካለ ክኒኗንና ውሃውን ይዛ ከፊቴ ትቆማለች። እውጣለሁ። «ምን ተሰማህ?» ትለኛለች። «የቆምሽብኝ መሰለኝ» እላታለሁ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ አልቀምስም። እብጠቱ ጠፋ። ፊቴ ከሳ። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ።

ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ ስንወጣ ወይዘሮ በላይነሽ አዩኝ። ከላይ እስከ ታች ለኩኝ። «እዩልኝ ጋሽ ደምሴን!» አሉ። «ጾም ማለት ይኼ ነው! አሁን እንዲህ እስኪያልቅ የሚጾም ሰው የት ይገኛል?» ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ በጸሎትዎ ያስቡኝ ብላ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች።

አፌን ከፈትኩ። አውራ ተብዬ የለ? አምና በእውነት ስጾም ሆዳም አላችሁኝ፤ ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ውሃዬን እየጠጣሁ ጻድቅ አደረጋችሁኝ ልላቸው ነበር። ገና «አምና» ከማለቴ አስካለ በተረከዟ እግሬን ረገጠችኝ። አጥብቃ ነው የረገጠችኝ።

እንግዲህ የሚሰማኝን ሁሉ ጮክ ብዬ እንድናገር ታዝዣለሁ።

«አስካለ፣ እግሬን ረግጠሽኛል፤ አሞኛል» አልኩ።

ወይዘሮ በላይነሽ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አያችሁልኝ» አሉ ለሴቶቹ፣ «ሲረግጡት እንኳ አይቆጣም!»