በመስኮት የነዱኝ ሰው

ሌላው ሲሠራ ቆሞ የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ጎማ ስትቀይሩ ከየት መጣ ሳይባል አጠገባችሁ ይገኛል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ "በግራ ነው የሚፈታው" ይላል። ቁም ሳጥን በደረጃ ስታወጡ እሱ ከታች ሆኖ "ግድግዳውን! ኧረ ግድግዳውን!" እያለ ይጮኻል። አንድ ጫፍ ያዝልን ስትሉት ወገቡን ያመዋል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሁሉም ተሰብስበው ግን ለክቡር ጋሽ ሬዲዮ ደቀ መዝሙርነት እንኳ አይበቁም።

ጋሽ ሬዲዮ የሆስፒታል ሾፌር ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው በዚህ ነው የሚጠሯቸው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። መዝጊያ የላቸውም።

ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ የገዛ አፌ ነው። የሆስፒታሉ የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ ክፍል ለአዳዲስ ማሽኖች እርዳታ ለማሰባሰብ፣ ከእኛ ዋና ከተማ እስከ ጎረቤት አገር ዋና ከተማ የአምስት ቀን የብስክሌት ጉዞ አዘጋጀ። እኔ ዜናውን ልጽፍ ነበር ስብሰባው ላይ የተገኘሁት። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ዶክተር መድረክ ላይ ሆና "ጋዜጠኛው ወንድማችንም አብሮን ቢሄድ ደስ ይለናል" አለች። ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባ ስሰማ የሚያደርገኝን አላውቅም። ብድግ ብዬ፣ "እሄዳለሁ! አንዲት ሜትር እንኳ መኪና ላይ ሳልወጣ!" አልኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ በማግስቱ አምዴ ላይ አወጣሁት።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ጋዜጣውን ይዛ ጠበቀችኝ።

"ለመሆኑ ብስክሌት ትችላለህ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ!"

"የልጅነትህ ብስክሌት ሦስት ጎማ ነበረው። እማማ ፎቶውን አሳይተውኛል።"

ሠላሳ አራት ሆነን ተነሣን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሠላሳ ሦስቱ አንድ ላይ ነበሩ፤ እኔ ብቻዬን። ከሁሉም ፊት የሚበረው የዚያው ክፍል ቴክኒሻን ነው። ግራ እግሩን የሠራው ራሱ ነው። የእኔን ሁለቱንም የሠራው ፈጣሪ፣ በዚያን ሰዓት ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያይልኝ ለመንኩት።

ደንቡ መኪና የመጨረሻውን ሰው እንዲከተል ነው። የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ፤ መኪናው የጋሽ ሬዲዮ ፒክአፕ። ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ እየተንፏቀቁ ጎኔ ደረሱ።

"ወንድሜ፣ ፍሬኑን ይዘኸዋል እንዴ?"

"አልያዝኩትም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እሱ ይዞሃል።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተለያየንም። ስለ አቀማመጤ፣ ስለ አተነፋፈሴ፣ ስለ ቦርጬ፣ ባለቤቴ ምን ነክቷት እንዳገባችኝ፣ አስተያየት ያልሰጡበት ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን "አምድህን አነበዋለሁ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ። "እሱም እንደ አነዳድህ ነው። መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኝ ትዋልላለህ፤ ቁም ነገሩ ጋ ልትደርስ ስትል ይደክምህና ታቆማለህ።" የሚያናድደው፣ እውነታቸውን ነበር።

ድንበር ላይ አንድ መኮንን መኪናቸውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ምን ጭነዋል?" አላቸው። በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

"ምንም አልጫንኩም። እሱን እየነዳሁት ነው።"

መኮንኑ ሳቀ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተሙን አጣሞ መታልኝ።

ሦስተኛው ቀን ዳገት ነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ እሳቸው ከጎኔ ብርቱካን እየላጡ "ምነው ቆምክ?" ሲሉኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አልቆምኩም! እየሄድኩ ነው!"

"አሃ። እኔ ዛፉን እያየሁ ነው፤ ዛፉ አልተንቀሳቀሰም።"

"እስቲ እርስዎ ወርደው ይሞክሩት!"

"እኔማ ጉልበቴን ያመኛል።"

"ታዲያ ዝም ይበሉኛ!"

"ዝም ካልኩህ ትተኛለህ።"

ለዚህ የሚሆን መልስ እያዘጋጀሁ፣ በሆዴ እየተሳደብኩ፣ ፔዳሉን እንደ ጠላት እየረገጥኩ ሄድኩ። ስድቡ ተሰናድቶ ሲያልቅ ቀና ብል የዳገቱ አናት ላይ ነኝ። እንኳን ምስጋና፣ ዘወር ብዬም አላየኋቸው።

አራተኛው ቀን ሜዳ ነው። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ አስፋልቱ ከሩቅ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ እንደ ልማዳቸው ስለ ቦርጬ አንድ ነገር ተናገሩ። መመለስ ነበረብኝ፤ ግን ቃሉ አልመጣልኝም። ደግመው ጠሩኝ። "አንተ! ታላቅ እህትህ ስሟ ማን ነው?" እህት እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ስሟን እያሰብኩ ሳለ ጆሮዬ ጭው አለ፤ መንገዱም ቀስ ብሎ ወደ ፊቴ ተነሣ።

ስነቃ ፒክአፑ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜያለሁ፤ አንገቴ ላይ እርጥብ ፎጣ አለ። መኪናው ይበራል። ጋሽ ሬዲዮ ከፊት ሆነው፣ በመስታወቱ እያዩኝ ይጮኻሉ።

"ዋና አዘጋጅህ ራሰ በራ ነው? መልስልኝ!"

"አዎ" አልኩ።

"ትንሽ ነው ወይስ በጣም?"

"በጣም።"

"ጎበዝ! ታዲያ እንዲህ ብለህ ለምን አትጽፍም? ፈሪ!"

ማረፊያችን ስንደርስ ዶክተሯ ግሉኮስ ተከለችልኝ። ሙቀት ነው፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር አለችኝ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ ሃያ ስድስት ዓመት አምቡላንስ ነድተዋል። ከኋላ የተኛው ሰው ዝም እንዳይልባቸው ይለክፉታል። ስናባብለው ይተኛል፤ እሳቸው ሲሰድቡት ይነቃል። 'የተናደደ ሰው ትንፋሽ አለው' ነው የሚሉት። አንዲት ወላድ ከቃሬዛው ላይ ሆና ጫማዋን ወርውራባቸዋለች። ያ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ።"

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አንጀቴ ተላወሰ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን መጀመሪያ የታሰበኝ ሕይወቴን ያተረፉት ሰው አልነበሩም፤ አምዴ ነው። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በመኪና መጥቻለሁ! ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል እኔ "በሐኪም ትእዛዝ" የሚል ዓረፍተ ነገር እየገነባሁ ነበር። ሰው ከሞት ተርፎም ይህን ያህል ከንቱ መሆን እንደሚችል በራሴ አየሁ።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሬዲዮ ናቸው፤ ዶክተሯ ከኋላቸው ቆማለች። መረመረችኝና "በየግማሽ ሰዓቱ ካልጠጣ ያስቁሙት" ብላቸው ሄደች። እሳቸው ብስክሌቴን ቀድመው ጭነውታል። የት እንደምንሄድ አልነገሩኝም። በመጣንበት መንገድ ወደ ኋላ ተመለስን፤ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። አውራ ጎዳናው ዳር ላይ ሦስት ድንጋይ ተደርድሮ፣ የእኔ ቢጫ የውኃ ኮዳ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ለካ ትናንት እኔን ተሸክመው ካስገቡ በኋላ፣ መኪናውን ከማስነሣታቸው በፊት፣ ምልክት አድርገዋል።

"የወደቅከው እዚህ ነው። አፍንጫህ እዚህ፣ እግርህ እዚያ ጋ።"

ብስክሌቴን አውርጄ አፍንጫዬ የነበረበት ላይ ቆምኩ።

"ከእግርህ ጀምር!" አሉኝ። "ከአፍንጫህ ከጀመርክ ሜትር ከሰባ ትሰርቃለህ።"

ወደ ኋላ ገፋሁትና ከእግሬ ጀመርኩ። ፊቴን እንዳያዩ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምነዳው። እሱንም አረሙኝ፤ "ቀና በል፤ መንገዱ መሬት ውስጥ አይደለም።"

ዋና ከተማው ስንገባ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሌሎቹ ከቀትር በፊት ደርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ታጥበው ተኝተዋል። አደባባዩ ላይ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። በአየር የሚነፋው የመድረሻ በር ተንፍሶ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለት ሠራተኞች እያጠፉት ነው። ጋሽ ሬዲዮ መኪናቸውን በሩን ሳይዘጉ ትተው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት እያነከሱ ሮጡ።

"አንሱት! አንሱት! ሰው አለ!"

ሠራተኞቹ ግራ ቢጋቡም በመጥረጊያ እንጨት አንዱን ጎን ወደ ላይ ደገፉት። ሌላውን ጎን ጋሽ ሬዲዮ ራሳቸው በሁለት እጃቸው ያዙት። ፊታቸው በላብ ርሷል። ፔዳሉን ረግጬ ከሥሩ ስገባ ጨርቁ ከነሙሉ ክብሩ ራሴ ላይ ወረደ። ጉዞዬን የጨረስኩት በጨለማ፣ ምንም ሳላይ ነው።

"ዝቅ አትልም ነበር?" አለ ከውጭ በኩል የማውቀው ድምፅ።

በማግስቱ ለሁላችንም የአውሮፕላን ትኬት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የእኔ በመስኮት በኩል። ጋሽ ሬዲዮ ግን የሁለት ቀን መንገድ ለብቻቸው ነድተው ይመለሳሉ። ጠዋት የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ፒክአፑ ላይ ብስክሌቶች ሲያስሩ፣ አንዱን ብስክሌት ስለ ጎማው አየር እየገሠጹት ነበር። ብስክሌቱ አይመልስም። ዝም ብሎ ይሰማቸዋል።

ወደ ዶክተሯ ሄጄ አውሮፕላን እንደምፈራ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ትኬቱን ግን ተቀበለችኝ። ሻንጣዬን ከብስክሌቶቹ መሐል ወሽቄ፣ ከፊት ወንበር ላይ ገብቼ በሩን ሳብኩት።

"በር እንደሱ አይዘጋም" አሉ።

ወርጄ እንደገና ዘጋሁት። በሦስተኛው ተቀበሉኝ፤ ሞተሩንም አስነሡ።