ዋይፋያችንና የአጥር ሥር እንግዶቹ

ጎረቤቴን አውቀዋለሁ የምትሉ ሰዎች፣ ቤታችሁ ዋይፋይ እስክታስገቡ ድረስ አትቸኩሉ። እኔ እንጅባራ ውስጥ እያስተማርኩ አንድ ሰፈር ዓመታት ስኖር ጎረቤቶቼን ጠንቅቄ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ የማውቀው ሰላምታቸውን ነው።

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ በሰናይት በኩል ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት ጀምራ የቤት ሥራዋን በኢንተርኔት መላክ ግዴታ ሆነባት። መስመሩ ተዘረጋ፤ ባለሙያው መጥቶ አንቴናዎቿን እንደ ፍየል ቀንድ የቀሰረች ትንሽ ሣጥን ሳሎናችን ውስጥ ገጠመና፣ «ፓስወርድ አላስገባሁበትም፤ ቶሎ ብላችሁ አስገቡበት» ብሎን ሄደ። «ቶሎ» የሚለውን ቃል እኔ እንዴት እንደምተረጉመው ሰናይትን ጠይቋት...

ወሩ ነሐሴ ነው። የእንጅባራን ነሐሴ ለማታውቁት፣ ጉሙ ሰፈሩን ሲውጠው የገዛ በርህን በዳበሳ ነው የምታገኘው። በዚያ ጉም ውስጥ ጎረቤታችን ጋሽ ደረሰ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤታቸው ብዙም የማይወጡት ሰው፣ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጥራችን ሥር ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ምነው በዚህ ብርድ?» አልኳቸው።

«ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው» አሉ ጋቢያቸውን እየደረቡ።

ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ታላቅ ሰው ናቸውና «ይሙቁ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ።

በማግስቱ አዲሱ የሚባለው የሰፈራችን ባለባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። «ሞተሩ እምቢ አለኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ የአዲሱ ባጃጅ እኛ በር ላይ በደረሰ ቁጥር ሞተሩ እምቢ ይላል፤ እሱ ስልኩን ኪሱ ሲከት ደግሞ ወዲያው ይነሣል። ቀጥሎ የአዲሱ ጓደኞች መጡ፣ ከዚያም የጓደኞቹ ጓደኞች። ቤታችንን ስናስመርቅ እንኳ ያን ያህል ሰው አልመጣልንም።

ሰናይት ኮምፒውተሯ ላይ የምትዞረዋን ክብ እያየች ትውላለች። አንድ ዓርብ፣ የቤት ሥራዋን እስከ ማምሻ መላክ ሲኖርባት፣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወይ አጥሩን ነቅለህ ሰዎቹን አስገባልኝ፣ ወይ ኢንተርኔቱን ቆልፍልኝ» አለችኝ።

ባለሙያው ዘንድ ደወልኩ። «ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅልበት፤ ማንም አይገምተውም» አለኝ። ቀላቀልኩ። ሳላበዛውም አልቀረሁም። ስጽፍ የሚታየኝ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ጨርሼ እሺ ስል፣ ውጭ የአዲሱ ሞተር ተነሥቶ ሲሄድ ሰማሁ። ኮራሁ።

ኩራቴ የቆየው የሰናይት ኮምፒውተር ፓስወርድ እስኪጠይቃት ነው። ነገርኳት፤ ጻፈችው፤ «ስህተት» አላት። ትልቁን ፊደል ትንሽ፣ ትንሹን ትልቅ እያደረግን ሞከርን። ማንም አይገምተውም የተባለውን እኔም ልገምተው አልቻልኩም። ሰናይት አልጮኸችም፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደረሰ ናቸው።

«መምህር፣ ምን ነካው? ታመመ እንዴ?»

«ማን ጋሼ?»

«ኢንተርኔቱ።»

ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ማንጠግቦሽ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታ፣ ባሏ ዛሬ ከሰዓት በቪዲዮ ሊደውልላቸው ቀጥሯቸው ኖሯል። ለካ ሰውየው አጥራችን ሥር የሚሞቁት የልጃቸውን ፊት ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ገብተው ቢነግሩን?» አለች ሰናይት።

«ሰው ቤት ገብቶ መለመን ከበደኝ» አሉ። «አሁን ግን ደህና ትሁን አትሁን ሳላውቅ...»

ባለሙያው ዘንድ እንደገና ደወልኩ። «ከጀርባው ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቀጭን ነገር ከትተህ ተጫናት፣ እንደ አዲስ ይነሣል» አለኝ። የእስክሪብቶ ጫፍ አልገባም አለ። ሰናይት የጆሮ ጌጧን አወለቀችና በሽቦው ተጫነቻት። የሣጥኗ መብራቶች በሙሉ ድርግም አሉ። ጋሽ ደረሰ ኮፍያቸውን አወለቁ።

መብራቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ባለሙያው በስልክ እየነገረን መስመሩን አስተካክለን እንደጨረስን የጋሽ ደረሰ ስልክ ጮኸ። መስታወቱ ላይ ማንጠግቦሽ ደክሟት ፈገግ ብላ፣ አጠገቧ በፎጣ የተጠቀለለች አንዲት ቀይ ፊት ትታያለች። ጋሽ ደረሰ በጋቢያቸው ጫፍ ስልኩን ይጠርጋሉ። የረጠበው ግን ዓይናቸው ነበር። ሰናይት በዚያው የቤት ሥራዋን ላከች።

«አሁን ፓስወርዱን እኔ ነኝ የማስገባው» አለች ሲረጋጋ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሶፋው ላይ ነው የሚቀመጡት። ፓስወርዱም እርስዎ የማይረሱት ይሁን። ልጅቷን ማን አሏት?»

«ቤተልሔም።»

«በቃ፣ እሱ ነው። ለማንም እንዳይናገሩ ግን።»

«ለነፍስ አባቴም አልናገር» አሉ።

ጥቂት ቀን በሰላም ሠራን። ከዚያ ኢንተርኔቱ እንደገና ይንቀራፈፍ ጀመር። ወጥቼ ባይ አጥሩ ሥር ከበፊቱ የበዛ ሰው ቆሟል፤ አብዛኛውን ጭራሽ አላውቀውም። ቀጥታ ጋሽ ደረሰ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለማንም አልናገርም ብለውን አልነበር?»

ቅር አላቸው። «ፓስወርዱን ለማን ተናገርኩ? የመምህሩ ቤት ኢንተርኔት የሚከፈተው በልጅ ልጄ ስም ነው አልኩ እንጂ። ስሟን የጠየቁኝ እነሱ ናቸው። እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ የመጣን ሰው፣ ስሟን ልደብቀው?»